ላጲሴ ያጠፋው አንቺሆዬ

ታዴዬ፣ የኔ ጌታ፤

ከተለያየን ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። እንደ ወጉ ጤናህን ጠይቄ፣ ያለህበትን አገር አየር ጠይቄ ልጀምር ነበር። አንተ ግን በሕይወት ሳለህም ደብዳቤዬን ስታነብ መግቢያውን ዘለህ ወደ ጉዳዩ የምትሄድ ሰው ነበርክ። ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ቅዳሜ ኦርኬስትራው ያንተን ሥራ ተጫወተ። ሰባ አንድ ተጫዋች ነበር። ወንበሮቹን የደረደርኩት እኔ ስለሆንኩ በቁጥሩ አልሳሳትም።

ከዚያ በፊት ግን የሠራሁት አንድ ጥፋት አለ። መሪያችን ማዳም ኢሊያና ታውቀዋለች፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ ያውቁታል፣ የመጋዘኑ ዘበኛ እንኳ ሰምቷል። ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

መጀመሪያ የቤታችንን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ማህሌት ነርስነቱን ጨርሳ እዚያው ደሴ ሥራ ይዛለች፤ በየወሩ መቃብርህ ድረስ ሄዳ ሣሩን አጭዳ ፎቶ ትልክልኛለች። የአጅማኑ ቤታችን እንደነበረ ነው። ስታስታምመው የኖርከው አየር ማቀዝቀዣ ግን በመጨረሻ ሞተና አዲስ ገባልኝ። አዲሱ ድምፅ የለውም፤ ዝምታውን እስክለምደው ድረስ እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩ። ትሮምቦንህን ለቶማስ ሰጥቼዋለሁ፣ እንዳትቆጣ። ያ አጠገብህ የሚቀመጠው፣ ባንክ የሚሠራው ሕንዳዊ። ሣጥኑን በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የተቀበለኝ። ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ከማየው ሲነፋ ብሰማው ይሻለኛል።

አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ሁሉ ከምን እንደተነሳ ነው። ማዳም ኢሊያና እንግዳ ሲመጣ «ከሰባት ሰው ጀመርን» ትላለች። ሶፋውን የገፋችውን ስምንተኛዋን፣ እኔን፣ አትቆጥርም! እስቲ እኔ እንደማውቀው ልተርከው፤ ከተሳሳትኩ በሕልሜ መጥተህ አርመኝ።

እኔ አል ባርሻ፣ ማዳም ኢሊያና ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ቡልጋሪያዊት ናት፤ ለሕፃናት ፒያኖ ታስተምራለች፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ያን አንድ መልመጃ አሥር ጊዜ እየሰማሁ ልብስ እተኩስ ነበር። አንተ ሻርጃ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለህ፣ አል ሙራቃባት ከስምንት ወንዶች ጋር ቤድ ስፔስ፣ አንድ አልጋ ብቻ፣ ተከራይተህ ትኖራለህ። እዚያ ክፍል ውስጥ ትሮምቦን ቢነፋ ስምንቱም ተነስተው ይጥሉህ ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቹን ካራገፍክ በኋላ አውቶቡሱን አሸዋማ ሜዳ ላይ አቁመህ፣ መስኮቱን ሁሉ ዘግተህ፣ ባዶ ወንበሮች መካከል ቆመህ ትነፋለህ። በዚያ ሙቀት! አንዴ በስልክ ስታሰማኝ «ሥራ የፈታ ሰው» ብዬ ስቄብሃለሁ። ይቅር በለኝ፣ ያኔ አልገባኝም ነበር።

አንድ ቀን ማዳም አብረው የሚጫወቱ ሰዎች እንደምትፈልግ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቫዮሊን የምትጫወት ግሬስ የምትባል ፊሊፒናዊት አገኘች፣ ቼሎ ያለው ሐኪም አገኘች፤ የሚነፋ ሰው ግን የላትም። ካውያውን አስቀምጬ ባሌ ረጅም የናስ ነገር ይነፋል አልኳት። አላመነችኝም። «ዋላሂ ማዳም፣ በሠራዊት ባንድ አሥራ ሁለት ዓመት ነፍቷል» ብዬ ማልኩላት። «ያላ፣ ዓርብ ይምጣ» አለች፤ ከፊቷ ግን የምታምን አትመስልም ነበር።

ዓርብ ስድስት የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ደረደርኩ። ሰባተኛው የኩሽና በርጩማ ነበር፤ መንገዱ ተጨናንቆ ዘግይተህ ስለመጣህ እሱ ደረሰህ። አንድ ጊዜ ተንፍሰህ ነፋህ። በመስታወቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች በሙሉ ተንጫጩ። ማዳም እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ «ኸላስ፣ ኸላስ፣ በቃ» ብላ ከነበርጩማህ አስነስታ ኮሪደር ላይ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጠችህ። ሦስት ወር ሙሉ የኦርኬስትራው ናስ ክፍል ማለት ኮሪደር ላይ የተቀመጠ የወሎ ልጅ ነበር። መታጠቢያ ቤት መሄድ የፈለገ ሁሉ በትሮምቦንህ ሥር ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው።

እኔ እድገቱን የማውቀው በወንበር ነው። ሰባቱ አሥራ ሁለት ሲሆኑ ከጎረቤት ተበደርኩ። አሥራ ዘጠኝ ሲሆኑ ጎረቤቱ ራሱ ወንበሩን ሊወስድ ሳይሆን ጩኸቱን ሊከስስ መጣ። ያኔ አንተ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ለምነህ ሻርጃ የመመገቢያ አዳራሹን አስፈቀድክ። የልጆች ወንበር ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸው አገጫቸው ላይ ደርሶ ሲጫወቱ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወጥቼ ነበር። አርባ ስንደርስ እሱም ጠበበ። ሶፋ የሚሠራው ሶርያዊ፣ ልጁ ራማ ፍሉት ስለምትነፋ፣ አጅማን ያለውን መጋዘኑን ለቅዳሜና እሑድ ሰጠን። ከዱባይም ከሻርጃም የሚመጣ ስለነበር «የሦስቱ ከተሞች ኦርኬስትራ» የሚለው ስም እዚያ ወጣ። ማንም ቁጭ ብሎ አላወጣውም፤ ዘበኛው በር ላይ ለሚጠይቅ ሁሉ እንዲህ እያለ ስለሚመልስ ስሙ ሆኖ ቀረ።

ታዴ፣ ያችን የመጋዘን ቀን ሳልነግርህ ኖሬያለሁ። ትልቁን ሲምፎኒ ከዳር እስከ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫወቱት። ከስፖንጅ ክምር ላይ ተቀምጬ አንተን ብቻ ነበር የማየው። የመጀመሪያው ክፍል አለቀ፣ አልነፋህም። ሁለተኛው አለቀ፣ ሦስተኛው ሊያልቅ ሆነ፣ አንተ ትሮምቦንህን ጉልበትህ ላይ አስቀምጠህ በጣትህ ትቆጥራለህ። ከጠዋት ጀምሮ ቁርስ ሳይበላ መንገድ የተንገላታ ሰው ለመቀመጥ ነው እንዴ የመጣው ብዬ በልቤ ተናደድኩ። ከዚያ ያ ድምፅ እያነሰ እያነሰ መጣ፣ ከበሮው ብቻ ቀረ፣ ቶማስ ቀና አለ፣ አንተም ቀና አልክ፣ ትሮምቦንህን አነሳህ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በምን ቃል ልጻፈው? ስፖንጁ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። የቆርቆሮው ጣራ ሊነሳ መሰለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ አርባ ሰው የገፋው በር በእናንተ ትንፋሽ ተከፈተ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ድሮ ስለ ጉልበት ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ ስለ ድምፅም ይሆናል። አለቀስኩ፣ ግን ከደስታም ከሐዘንም አልነበረም፤ ከመደነቅ ነው። ይህን ይሠራሉ ብዬ ያላሰብኳቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ሾፌር ነው፣ አንዷ ጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ ታነሳለች፣ አንዱ የአየር መንገድ ሻንጣ ይመዝናል። አንተ ስትወጣ ላብህን እየጠረግህ ወፍራም ሻይ ጠየቅኸኝ። እኔም ቀድቼ ሰጠሁህ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ማዳም ላጲሱን የሰጠችኝ። ታስታውሳለህ፣ የምትጫወቱት ወረቀት የኪራይ ነበር። ከአውሮፓ በካርቶን ይመጣል፣ ተጫዋቹ የሚፈልገውን ምልክት በእርሳስ ይጽፍበታል፣ ኮንሰርቱ ሲያልቅ ንጹህ ሆኖ መመለስ አለበት። ቆሻሻ ከመለስን ሁለተኛ አይልኩልንም። ማጥፋቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ነጭ ለስላሳ ላጲስ፣ ብዙ ካርቶን፣ ቀሚሴ ላይ የሚረግፈው ፍርፋሪ። ሥራውን ወደድኩት። ኖታ ማንበብ ባልችልም ሰውን በእርሳሱ አወቅሁት። ግሬስ ማዳምን ቀና ብላ ማየት ያለባት ቦታ ላይ መነጽር ትሥላለች። ራማ መቸኮል ያለባት ቦታ ላይ «ያላ» ብላ በአረብኛ ትጽፋለች። ሐኪሙ ቼሎውን ሲጫወት የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ራሱን ይሳደባል። አንተ ደግሞ ባዶ በሆነው ረጅም ቦታ ላይ ፊደል ትቆጥራለህ፣ ሀ ሁ ሂ እያልክ፣ ሰባት ሲሞላ ለ ሉ ሊ። ሁሉንም አንብቤ አጠፋዋለሁ። ሰው ቪዛው አልቆ ወደ አገሩ ይሄዳል፣ ሌላ መጥቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ንጹህ ወረቀት ያገኛል። እንዲህ እየሄደና እየመጣ ቁጥራችን ከሰባ አለፈ። በየዓመቱ ሲሶው እየተነቀለ እንዴት እንደሚበዛ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

አሁን ወደ ጥፋቴ መጣሁ።

ያ ዜማህ ኦርኬስትራው ከመወለዱም በፊት የነበረ ነው። ዓርብ ዓርብ የእረፍት ቀናችን ነበር፤ ከዴራ በጀልባ ወደ ቡር ዱባይ እንሻገራለን። የጀልባው ሞተር ሲነሳ አንተ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ታንጎራጉራለህ። አንቺሆዬ ነው ትለኛለህ። እኔ ናፍጣ ነው እልህ ነበር። ሁልጊዜ ያው ዜማ ነው፣ ሁልጊዜ ስንሻገር ይጀምራል፣ ስንደርስ ያልቃል። ከስንት ዓመት በኋላ አጅማን ቤት ተከራይተን አብረን መኖር ስንጀምር፣ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ቁጭ ብለህ ለኦርኬስትራው ጻፍከው። ሰሐን ማስቀመጫ እስኪያጣ ጠረጴዛውን በወረቀት ሞላኸው። ኖታውን በጥቁር ቀለም ጻፍክ። ከኖታው ራስ ላይ ደግሞ በእርሳስ ትንንሽ ቀስቶች አደረግህ፣ አንዳንዱ ወደ ላይ፣ አንዳንዱ ወደ ታች። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅህ፣ እነዚህ ሰዎች ጆሯቸው ፒያኖ ነው አልከኝ። ፒያኖ ደረጃ ነው፣ አንቺሆዬ ግን በደረጃው መካከል የሚሄድበት ቦታ አለው፣ ቀስቱ አንድ ፀጉር ያህል ከፍ በል ወይም ዝቅ በል ማለት ነው አልከኝ። በእርሳስ ያደረግኸው ገና እየሰማህ ስለምታስተካክለው ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ አስሞከርካቸው። ማዳም በልምምድ ላይ ስልክ ማውጣት ስለምትከለክል ማንም አልቀረጸውም። ቀስቶቹን አስተካከልክ፣ ወረቀቱን ሰብስበህ ካርቶን ውስጥ ከተትከው። በሳምንቱ ታመምክ፣ ሁለት ወር ቆየህ፣ ከዚያ ይዤህ ደሴ ገባሁ።

አርባህን አውጥቼ ስመለስ ቤቱ ሰፋብኝ። ምን እንደምይዝ አጣሁ። መጋዘኑ ጥግ ካርቶኖቹ ተደርድረው አየሁ፤ አንተ ከታመምክ ጀምሮ ያልነካኋቸው። ወደ ቤት ወሰድኳቸውና ላጲሴን አነሳሁ። ከሥራ ስመለስ እሱን፣ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እሱን። እያለቀስኩም አጠፋሁ፣ እንባዬ ወረቀቱን እንዳያበላሸው ክንዴን እየዘረጋሁ። ያንተ ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ላይ ስደርስ ከሁሉም ይበልጥ ተጠነቀቅሁ። የራሳችን የሆነ ወረቀት ከዚያ በፊት ኖሮን አያውቅማ! እርሳስ ይጠፋል፣ ቀለም ይቀራል፤ እኔ የማውቀው ሕግ ይኸው ነው። የሁሉንም መሣሪያ ወረቀት፣ ማዳም የምትመራበትን ዋናውን ጥራዝ ጭምር፣ አንድ ቀስት ሳላስቀር አነጣሁልህ። ስጨርስ ደስ አለኝ። ሥራህን አሳምሬ የከደንኩልህ መሰለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ማዳም ሥራህ በትልቁ መድረክ፣ ዱባይ፣ ይቀርባል ብላ አስታወቀች። ማህሌት ስልኩ ላይ እልል አለች። እኔ ወንበሮቹን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

የመጀመሪያው ልምምድ ተጀመረ። ሰባ ሰው ያንተን ኖታ ከፍቶ መጫወት ጀመረ። ውብ ነበር፣ ለስላሳ ነበር፣ አንድም ስህተት የለውም። ግን አንተ የለህበትም። ሐዘን ጆሮዬን ደፍኖት ይሆናል ብዬ ጥፋቱን በራሴ አደረግሁ። እነሱ ደገሙት፤ አሁንም የለህም። የማውቀው ሰው ፎቶ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ እንዳየሁት ሆነብኝ። ከዚያ ግሬስ ወረቀቷን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየች። እርሳስ ሲጠፋ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ጠባሳ ይተዋል፤ እሱን ነበር ያየችው። እዚህ የሆነ ነገር ነበረ፣ ታዴ ያኔ ሲያስሞክረን ምልክት ነበረው አለች። ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ግን ጠባሳው አይናገርም። ከያኔዎቹ ተጫዋቾች ግማሹ ወደየአገሩ ሄዷል፤ የቀሩትም አንድ ቀን የተጫወቱትን አያስታውሱም።

ወንበር ይዤ ቆሜ ነበር። በያዝኩት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩ። በእንግሊዝኛ ይሁን በአማርኛ አላውቅም፤ ግን ሁሉም ገባው። በሕይወትህ አንድ ሥራ ሠራህ፣ እሱንም ሚስትህ በላጲስ ወሰደችው። ደሴ አፈር ስታለብስህ ያላለቀስኩትን ያህል እዚያ አለቀስኩ።

ማዳም የምትመራበትን ዘንግ አስቀምጣ መጣች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ የሚገባኝም ነበር። እሷ ግን ሥራህን የት እንደሰማሁት ጠየቀችኝ። ጀልባ ላይ፣ ዓርብ ዓርብ፣ ለስንት ዓመት አልኳት። «ኖ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለች፣ «ያላ ዘኒ፣ ተነሺ፣ አዚሚልን።» አስበው ታዴ! ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከኋላ ቆሜ በልቤ የምዘምር ሴት፣ ሰባ ሰው ፊት!

የመጀመሪያው ድምፄ ሳል ነበር። ሁለተኛውም ብዙ አይሻልም። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ቶማስ ቆይቶ እንደነገረኝ በአፌ እንደ ሞተር ድድድ ብዬ ነው የጀመርኩት፣ ማንም ግን አልሳቀም። ሞተሩ ሲነሳ አንተም መጣህ። ዜማው ራሱ ጎትቶ ወሰደኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ የኛ ወረቀት ለቀቀ፣ ሞኟ ናት ይዛ የተገኘችው።

ሦስት ልምምድ ፈጀ። አንዷን ሐረግ አዜማለሁ፣ ቫዮሊኖቹ ጣታቸውን አንድ ፀጉር እየገፉ ይፈልጓታል፣ ትክክል ስትሆን ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ሁሉም እርሳሱን አንስቶ ቀስት ያደርጋል። ቶማስ ትሮምቦንህን እየሳበና እየገፋ የጆሮዬን ምልክት ይጠብቃል። ራማ ፍሉቷን ወደ ውስጥ ወደ ውጭ እያዞረች ድምፁን ስታጎብጠው አየሁ፤ ያን የሚያህል ልፋት! ሐኪሙ አንዱን ቦታ ሃያ ጊዜ ስቶ በመጨረሻ ሲያገኘው ከወንበሩ ተነስቶ አቀፈኝ። ደሴን በካርታ እንኳ የማያውቁ፣ ከስንት አገር የተሰበሰቡ ሰዎች፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሩትን ትክክል ትተው ያንተን ትክክል ፍለጋ ላይ ነበሩ። እኔ ከዚህ በላይ የሚያስደንቅ ነገር አላየሁም። ያ ጣራ ሊነሳ የመሰለኝ ቀን እንኳ ከዚህ አይደርስም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ።

መጨረሻው አካባቢ ነው። ጀልባው ቡር ዱባይ ሲደርስ ሰውየው ሞተሩን ያጠፋል፣ ጀልባው በራሱ ይንሸራተታል፣ አንተ አንዷን ድምፅ ይዘህ ታስረዝማለህ። ያቺ ድምፅ ከፍ ትላለች ወይስ ዝቅ? አላውቅም። ደጋግሜ ከመጀመሪያው አዜምኩ፣ እዚያ ስደርስ ባዶ ነው። ለምን እንደሆነም አውቄዋለሁ፤ እኔ ያን ጊዜ ቦርሳዬን አንስቼ፣ ነጠላዬን ሰብስቤ፣ ከሰው ቀድሜ ለመውረድ እጣደፍ ነበር። ስንት ዓርብ ሙሉ መጨረሻውን አልሰማሁህም። አንተ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ጠብቂ አላልከኝም።

ለማዳም እውነቱን ነገርኳት። እሷም እንግዲህ የምትወስኚው አንቺ ነሽ፣ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም አለችኝ። ሰባ አንዱም ሰው እርሳሱን ይዞ አፌን ይጠብቃል። ታዴ፣ ወደ ላይ አልኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ዝቅ ብሎ የሚያልቅ ነገር በዚያ ሰዓት ከአፌ ሊወጣ አልቻለም። ሰባ አንድ ቀስት ወደ ላይ ተጻፈ።

ቅዳሜ በመድረኩ ጎን ካለው መጋረጃ ሥር ተቀመጥኩ። አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ የኛ ሰዎች ከየቤቱ አስፈቅደው ነጠላቸውን ለብሰው መጥተዋል፣ ከአየር መንገዱም ከሆቴሉም ያሉት ልጆች መጥተዋል። የእኔ ጓደኞች መጀመሪያ ላይ ሲንሾካሾኩ ነበር፤ አንቺሆዬው ሲገባ ሁሉም ወደ ፊት አዘነበሉ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የራሳቸውን ነገር በዚያ ሁሉ ቫዮሊን፣ በዚያ ሁሉ ናስ፣ የዱባይ አዳራሽ ውስጥ ሲሰሙት ምን ይበሉ? አንተ ብቻህን በዝቅታ ታንጎራጉረው የነበረውን ሰባ አንድ ሰው ተሸክሞት ቆመ። ቶማስ በትሮምቦንህ ሲገባ ትንፋሹ ያንተ መሰለኝና ልጠራህ ምንም አልቀረኝም። ያቺ ድምፅ ስትመጣም አልተንቀሳቀስኩም። ከፍ አለች፣ ቆየች፣ እስክታልቅ ድረስ ሰማኋት። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ።

ማዳም እጄን ይዛ ወደ መድረኩ አወጣችኝ። አጎንብሼ ሰላም አልኳቸው። ያንተ ስም የተጠራበት ቦታ ላይ እኔ ቆሜ ስለነበር አፈርኩ፣ ደግሞም ኮራሁ።

እንግዲህ ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ምናልባት ሥራህ ውስጥ የኔ የሆነች አንዲት ስህተት ገብታለች። አሁን በቀለም ተጽፋለች፣ ማዳም አጽድቃታለች፣ ላጲስ አይነካትም። ከዚህ በኋላ ማንም በየትም አገር ሲጫወተው አብራ ትጫወታለች። ከተቆጣህ ተቆጣ። እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ አልተጸጸትኩም።

ሰው ለሞተበት አልረሳህም ብሎ ይምላል። እኔ አልምልልህም፤ አንዷን ድምፅ ረስቼ ተይዣለሁ፣ ምን አፍ አለኝ? የምገባልህ ቃል ሌላ ነው። የቀረችውን እያንዳንዷን በየቀኑ ድምፄን አውጥቼ አዜማታለሁ፣ ሰው ቢሰማም ባይሰማም። ማህሌትንም በስልክ እያስጠናኋት ነው፤ እሷ ካንተ ወርሳ ነው መሰለኝ ጆሮዋ ከኔ ይሻላል። ያቺን አንዷን ደግሞ ስንገናኝ አንተው ትነግረኛለህ። ወደ ታች ነበረች ብትለኝም አልከራከርህም። እስከዚያ ግን ወደ ላይ ናት።

ባለቤትህ ዘነበች
አጅማን